«በተመቸኝ ጊዜ» እያልን እስከ መቼ? ፍልሰታ ሳይገባ እንወያይ

የጦሳ ልጅ (ደሴ)
ሐምሌ 22፣ ከምሽቱ 2:10

ሰላም ለሁላችሁ። ፍልሰታ ሊገባ ነው። ደሴ ላይ ዝናቡ እንደ ጉድ እየወረደ ነው፤ የጦሳ ተራራም ከጭጋግ አልወጣም። ሰሞኑን ውስጤን የያዘው አንድ ነገር ስላለ ላካፍላችሁ።

ሉቃስ ምዕራፍ 14 ላይ ጌታ የተናገረው የእራት ግብዣ ምሳሌ አለ። ሰውየው ትልቅ እራት ደግሶ ሰው ጠራ። ሰዓቱ ሲደርስ የተጠሩት ሁሉ ያመካኙ ጀመር። አንዱ መሬት ገዝቻለሁ፣ ሄጄ ልየው አለ። ሌላው አምስት ጥምድ በሬ ገዝቻለሁ፣ ልፈትናቸው ነው አለ። ሦስተኛው ሚስት አግብቻለሁ አለ። የሚገርመኝ አንዳቸውም መጥፎ ነገር ላይ አለመሆናቸው ነው። ልሰርቅ ነው የምሄደው ያለ የለም። መሬት መግዛት፣ በሬ መጥመድ፣ ትዳር መያዝ እኮ ወሎ ውስጥ ወላጅ ለልጁ የሚመኘው ነው። እራቱ ያመለጣቸው በደህና ነገር ተይዘው ነው።

እኛስ? «ኑሮው ተወደደ።» «መጀመሪያ ልጆቼን ላድርስ።» «ጊዜው ይርጋ።» «ሌላው መቼ አደረገ?» «እግዚአብሔር የሚያየው ልብን ነው።» ሁሉም ውስጥ ትንሽ እውነት አለ። ለመተው የሚከብዱትም ለዚህ ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 24 ፊልክስ የሚባል ገዥ አለ። ጳውሎስ ስለ ጽድቅ፣ ራስን ስለ መግዛት፣ ስለሚመጣው ኩነኔ ሲነግረው ሰውየው ፈራ። «አሁንስ ሂድ፤ በተመቸኝ ጊዜ ልኬ አስጠራሃለሁ» አለው። ደጋግሞም አስጠራው፤ ግን ጉቦ ፈልጎ ነበር። ሁለት ዓመት ሞላ። የተመቸው ጊዜ ሳይመጣ ጳውሎስን እንደታሰረ ትቶት ከሥልጣኑ ሄደ።

አሁን ወደ ቤታችን ልምጣ። ደሴ ውስጥ ከገጠር የመጣች ሠራተኛ ያለችበት ቤት ብዙ ነው። ልጅቷ ከደላንታ ወይም ከወረባቦ ትመጣለች። ፍልሰታ ሲገባ እመቤቲቱ ነጠላዋን አጣፍታ ቅዳሴ ትሄዳለች፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትቆያለች። ልጅቷ ቤት ትቀራለች። እሷም ጿሚ ናት። በባዶ ሆዷ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ ሽሮ ታንተከትካለች፣ ሕፃን አዝላ ልብስ ታጥባለች። እሷን ማን ቅዳሴ ያስገባት? ደመወዟም «ታባክነዋለች፣ ይጠራቀምላት» ተብሎ እመቤቲቱ እጅ ነው። ስትወጣ ተሰልቶ ይሰጣታል ይባላል። ስትወጣ ግን የሰበረችው ብርጭቆ፣ በካውያ ያቃጠለችው ቀሚስ፣ ስትታመም የተገዛላት መድኃኒት ሁሉ ይቆረጥባታል።

ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 5 ላይ የተያዘ ደመወዝ ይጮኻል ይላል። ድምፁም ጌታ ጆሮ ገብቷል ይላል። እኛ ይህን ደመወዝ ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፈን ነው ሱባኤ የምንገባው።

ጥያቄዬ ይህ ነው። እምነታችሁን ወደ ሥራ እንዳታመጡ የሚይዛችሁ የትኛው ሰበብ ነው? ያለፋችሁት ነገር ካለም ንገሩን፣ እንማርበት።

---

ሐይቅ ዳር (ሐይቅ)
ሐምሌ 22፣ ከምሽቱ 3:02

ወንድሜ፣ ጥሩ ነገር አንስተሃል። ግን አንድ ነገር እንዳይዘነጋ። ምክንያት ሁሉ ሰበብ አይደለም።

እኔ አስተማሪ ነኝ። ደመወዜ ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል። ቤቴ ውስጥ ከጦርነቱ ወዲህ ወደ ቀያቸው ያልተመለሱ ዘመዶች አሉ። እንደኔ ያለው ሰው በየስብከቱ «ስጡ፣ ስጡ» ሲባል እየሰማ አንገቱን ደፍቶ ይወጣል። የሌለውን ሰው ሰበበኛ ማለት ሌላ በደል ነው። ጳውሎስ በሁለተኛ ቆሮንቶስ 8፥12 በጎ ፈቃድ ካለ ሰው እንዳለው መጠን የተወደደ ይሆናል፣ እንደሌለው መጠን አይደለም ይላል። ይህም ከመድረክ ይነገር።

---

የጦሳ ልጅ (ደሴ)
ሐምሌ 22፣ ከምሽቱ 3:20

እውነትዎን ነው መምህር። የሌለውን ማን ይጠይቀዋል? እንዲያውም እርስዎ ዘመድ አስጠግተው እያኖሩ ነው። «እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛል» የተባለው ይኸው አይደል? አልቆጠሩትም እንጂ እያደረጉት ነው።

እኔ ያልኩት ገንዘብ ስለማይጠይቀው ነገር ጭምር ነው። ያቺን ልጅ እሁድ ቅዳሴ ይዞ መሄድ ምን ያስወጣል? የተኳረፉትን ሰው ቀድሞ «እንዴት አደርክ» ማለትስ? ገንዘብ ሲባል ደግሞ የማወራው ስለ እሷ ገንዘብ ነው። የሠራችበት ነው፤ ምጽዋት አይደለም።

---

ዲያቆን ዘወልድያ
ሐምሌ 22፣ ከምሽቱ 4:45

ስለ ኩርፊያው ላክልበት።

ባገለገልኩባቸው አጥቢያዎች ሁሉ የማየው ነገር ነው። ወንድማማቾች በአባታቸው መሬት ተካሰው ፍርድ ቤት ይመላለሳሉ። ሁለቱም ያስቀድሳሉ። አንዱ ከውስጥ፣ ሌላው ቅጥሩ ጋ ዛፍ ሥር ይቆማል። ቅዳሴው ሲያልቅ በተለያየ በር ይወጣሉ። ብትጠይቋቸው ሁለቱም «እኔማ ይቅር ብያለሁ፣ እሱ ነው እንጂ» ይላሉ። «ሽማግሌ ይላክና እታረቃለሁ» ብለውም ይጠብቃሉ።

ማቴዎስ 5፥23ን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ጌታ በዳዩ ማን እንደሆነ አልጠየቀም። ወንድምህ በአንተ ላይ አንዳች እንዳለው ካሰብህ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ ሂድ ነው ያለው። የሚሄደው ያስታወሰው ሰው ነው። መባው እዚያው ይጠብቃል። ይህን ቃል በልጅነታችን በቃላችን ይዘነዋል፤ ሄደን ያንኳኳንበት በር ግን ስንት ነው?

ሁለተኛው የሥጋ ወደሙ ነገር ነው። በፍልሰታ ሕፃናቱ ነጭ በነጭ ለብሰው ተሰልፈው ይቆርባሉ። ሽማግሌዎቹም ይቆርባሉ። መካከል ላይ ያለው ሰው ይጠፋል። ወጣቱ «ገና ነኝ» ይላል። ባለትዳሩ «ልጆቹ ይደጉልኝ» ይላል። ነጋዴው «በዚህ ሥራ ላይ ሆኜ እንዴት» ይላል። «አይገባኝም» የሚለው ደግሞ ትሕትና ስለሚመስል ማንም አይከራከረውም። የሚገባውማ ማን አለ? ንስሐ የተሰጠን ስለማይገባን ነው። ብዙዎቻችን የምንፈራው ከቆረብን በኋላ መተው ያለብንን ነገር ነው። ከንስሐ አባታችን ጋር ቁጭ ብለን ያንን ነገር በስሙ ብንጠራው ግማሹ መንገድ ያልቅ ነበር።

---

ዝም አልልም
ሐምሌ 23፣ ከጠዋቱ 1:30

ይቅርታ አድርጉልኝና ምእመኑን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው። አስተማሪዎቹ ራሳቸው ምን ያደርጋሉ? ስለ ድሃ ሰብኮ በመኪና የሚሄድ አይተናል። ስለ ፍቅር አስተምሮ እርስ በርሱ የሚካሰስ አይተናል። እነሱ ሳይኖሩት እኛን ኑሩት ማለት ልክ አይመጣም። እኔ በዚህ ምክንያት ነው ከማኅበሩም ከሰንበቴውም የወጣሁት።

---

ዲያቆን ዘወልድያ
ሐምሌ 23፣ ከጠዋቱ 2:05

ወንድሜ፣ ያየኸውን አላየህም አልልህም። ያሳዝነኛል፤ የሚመለከተውም እኛን አገልጋዮቹን ነው።

ግን ጌታ ለዚህ ቀጥተኛ መልስ ሰጥቷል። ማቴዎስ 23፥3 ላይ በሙሴ ወንበር ስለተቀመጡት ሲናገር ያዘዟችሁን አድርጉ፣ እንደ ሥራቸው ግን አታድርጉ አለ። እየተናገሩ አያደርጉትምና። ጥፋታቸውን አልሸፈነውም። ምዕራፉ እስኪያልቅ ወዮላችሁ እያለ ገሥጿቸዋል። አንተን ግን ከማድረግ ነፃ አላወጣህም። ሰንበቴው ላይ በየወሩ ዳቦ የሚጠብቀው ነዳይ አንተ ስትወጣ የአንተ ድርሻ ቀረበት። አስተማሪው ላይ ምንም የደረሰበት ነገር የለም።

---

ባቲ መስመር (ኮምቦልቻ)
ሐምሌ 23፣ ከቀኑ 6:40

እኔ ወንጌል አማኝ ነኝ። ውይይቱ የሁላችንም ስለሆነ ልግባ።

እኛ ጋ ያለው ሰበብ መልኩ ይለያል። «የዳንነው በጸጋ ነው» እንላለን። እውነት ነው፤ ኤፌሶን 2፥8ን ሁላችንም በቃላችን እንወጣዋለን። ሁለት ቁጥር ዝቅ ብሎ ግን «መልካሙን ሥራ ለማድረግ በክርስቶስ ኢየሱስ ተፈጠርን» የሚለው አለ። እዚያ ላይ ስንደርስ ድምፃችን ይቀንሳል።

ሌላው «እንጸልይልሃለን» ነው። አንድ ወንድም ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ ሥራ አጣ። ቤት ኪራይ አለበት፣ ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት። ኅብረቱ ተሰብስቦ እጅ ጭኖ ጸለየለት። ከልባችን ነው የጸለይነው፤ ያለቀሰም ነበር። «አሜን» ብለን በየቤታችን ገባን። በነጋታው አንድ ጋራዥ ያለው ወንድም ብቻ ደውሎ «ሙያውን አታውቀውም፣ ግን መጥተህ ተማር፣ የምሳና የትራንስፖርት እሰጥሃለሁ» አለው። ጸሎታችን የተመለሰው በዚህ ሰው በኩል ነው። ያዕቆብ 2 ላይ «በደኅና ሂዱ፥ እሳት ሙቁ፥ ጥገቡም» የሚለውን ሰው አስቡት። ክፉ ቃል አልተናገረም። የመረቀ ነው የሚመስለው።

---

የመናፈሻ እናት (ደሴ)
ሐምሌ 23፣ ከምሽቱ 1:15

ልጆቼ፣ ይህን የሚጽፍልኝ የልጅ ልጄ ነው፤ እኔ እየነገርኩት።

«አቅም የለኝም» ስትሉ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በ2013 ክረምት፣ ነሐሴ ላይ፣ ከራያ፣ ከቆቦ፣ ከወልድያ ሰው በእግሩ ወደ ደሴ ይጎርፍ ነበር። ልጅ ያዘለ፣ ሽማግሌ የደገፈ፣ እግሩ የቆሰለ። ትምህርት ቤቱ ሁሉ ሞላ። ያን ጊዜ ማን ስብሰባ ጠራን? ማን አስተማረን? ሴቶቹ ምጣዳችንን ጣድን። አንዷ እንጀራ ጋገረች፣ አንዷ ንፍሮ ቀቀለች፣ አንዷ ፍራሽ ይዛ መጣች። ሙስሊሟ ጎረቤቴ ጤፍ አመጣች፣ እኔ አቦካሁ። ማን የማን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። እኔ ቤት የገቡት እናትና አራት ልጆች ነበሩ፤ ሳሎኑን ለቀቅንላቸው።

ያኔ ጤፍ ረክሶ ነበር? አልረከሰም። ባንኩ ሁሉ አስተማማኝ አልነበረም፤ መንገዱም ያስፈራ ነበር። ጥቅምት ላይ ደግሞ የኛው ደሴ ተያዘችና እኛም በተራችን ወጣን። ደብረ ብርሃን ላይ የማናውቀው ሰው ተቀበለን።

አሁን ሰላም ሲገኝ፣ ያው እኛው ነን። በኪራይ ቤቶቻችን ላይ ዋጋ ስንጨምር «ገበያው ነው» እንላለን። የተፈናቀለችዋ እናት ኪራይ ሲከብዳት «ምን ላድርግ፣ እኔም ኑሮ አለብኝ» እንላለን። ከባድ ቀን ላይ የነበረን ልብ ቀላል ቀን ላይ የት ይገባል? ይህ ነው እኔን የሚያብከነክነኝ። በ77ም እንዲህ ነበር፤ ቁና ሽምብራ የተካፈልን ሰዎች ኋላ በአጥር ተጣላን።

---

ባለ ሚዛን (ወልድያ)
ሐምሌ 23፣ ከምሽቱ 3:50

እትየ፣ እድሜ ይስጥልን።

እኔ ነጋዴ ነኝ። ዲያቆኑ «በዚህ ሥራ ላይ ሆኜ እንዴት» ይላል ያሉት እኛን ነው። ስለ እሱ ልናገር።

ቅቤና ማር ነው የምሸጠው። ገበያው ውስጥ ያለው ነገር የታወቀ ነው። ቅቤ ላይ ሙዝ ይመታበታል፣ የአትክልት ቅባት ይቀላቀልበታል። ማር ላይ ስኳር ይፈላበታል። በርበሬ ውስጥ ሸክላ ተፈጭቶ ይገባል። ይህን የሚሠራው ሰው እምነት የሌለው እንዳይመስላችሁ። ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ያማትባል፣ ግድግዳው ላይ የእመቤታችን ሥዕል አለ። «ጎረቤቴ ቀላቅሎ በርካሽ ሲሸጥ እኔ ንጹሑን በውድ ብሸጥ ማን ይገዛኛል?» ይላል። ስሌቱ ልክ ነው። ደንበኛው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋ ነውና።

እኔ የምሠራውን ልንገራችሁ። ሚዛኑን ፊቱን ወደ ገዢው አዙሬ አስቀምጫለሁ፤ ቁጥሩን እሱ ነው የሚያነበው። ላስቲኩን መጀመሪያ ባዶውን እመዝንና እቀንሰዋለሁ። አጠገቤ ትንሽ ምድጃና ድስት አለ። የተጠራጠረ ሰው ከፈለገው ቅቤ ላይ በማንኪያ ቆርሶ ይሰጠኛል፤ ፊቱ አቀልጠዋለሁ። ንጹሑ ጥርት ብሎ ይወርዳል፤ ሙዝ የተመታበት ታች ይጓጉላል። ገበሬዋ የተቀላቀለ ካመጣችልኝም እዚያው አቅልጬ አሳያትና አልገዛም።

ከሰርኩ ወይ? መጀመሪያ ላይ አዎ። ደንበኛ ሄዷል። ብዙ የሄደ አለ፤ ተመልሶ የመጣም አለ፤ ያልተመለሰም አለ። ይህን የምለው እውነተኛ ሁኑ፣ ወዲያው ትከብራላችሁ እንዳይመስላችሁ ነው። ምሳሌ 11፥1 አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ዘንድ አስጸያፊ ነው ይላል፤ ገበያው ይደራላችኋል አላለም። በጾም ወራት ክርስቲያኑ ቅቤ ስለማይገዛ የሚያኖረኝ ሙስሊሙ ደንበኛዬ ነው። እሱ ደግሞ የሚመጣው ሚዛኑን ስላመነው ነው።

---

የቅሬ ጸሐፊ (ገራዶ)
ሐምሌ 23፣ ከምሽቱ 5:10

አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። እኔ ሙስሊም ነኝ። ወሬው የክርስቲያን ቢሆንም ባለ ሚዛኑ ስለ እኛ ሲያነሳ ዝም ማለት አልሆነልኝም። ሚዛን ማጉደል እኛም ጋ በቁርኣን ወየውለት የተባለበት ነገር ነው።

ቅሬያችን፣ ማለትም ዕድራችን፣ የሁላችንም ነው። ሰው ሲሞት ድንኳኑን አብረን እንተክላለን፣ ቀብሩ በየእምነቱ ይሆናል። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ሠርግ ሲኖርባቸው ለኛ ለብቻ በሙስሊም እጅ አሳርደው ለይተው ያዘጋጃሉ። ማድቤቱን ሁሉ ይለያሉ። ይህን ሲያደርጉ ከአያቶቻችን ጀምሮ አይተናል። ድካም አለው፣ ወጪ አለው። ማንም «ዘንድሮ ይቅር» ሲል አልሰማሁም።

ስለዚህ ወሎ ላይ ሰው ማድረግ አያቅተውም። ለሠርግና ለልቅሶ የምናወጣውን ጉልበት ለዚያች ልጅ ደመወዝ ማውጣት ነው የቀረን። እኛም ቤት ያው ነውና ለራሴም ነው የምናገረው። ነቢያችንም ለሠራተኛ ዋጋውን ላቡ ሳይደርቅ ስጡት ብለዋል።

---

ስደተኛዋ (ቤሩት)
ሐምሌ 24፣ ከሌሊቱ 6:25

ቀን ስልክ አልይዝም። ሁሉንም አሁን ነው ያነበብኩት።

እኔ የአምባሰል ልጅ ነኝ። ሰው ቤት ነው የምሠራው። መጀመሪያ የገባሁበት ቤት እመቤቷ ደመወዜን ያዘችብኝ። «እኔ ጋ ይጠራቀምልሽ፣ ስትሄጂ አንድ ላይ ትወስጂዋለሽ» አለችኝ። ፓስፖርቴም እሷ ጋ ነበር። እሷም አማኝ ናት፣ ቤቷ ውስጥ የማርያም ምስል አለ። ስወጣ ከተጠራቀመው ገሚሱን አላየሁትም። ያለቀስኩትን እግዚአብሔር ያውቃል።

ታዲያ ባለፈው ዓመት ለእናቴ ስደውል «ሠራተኛ ቀጠርኩ፣ አንቺ የላክሽው አለ፣ እኔም ደከመኝ» አለችኝ። ደስ አለኝ። ልጅቷን አናገርኳት፤ ድምፅዋ የልጅ ነው። ደመወዝ ትከፍያታለሽ ወይ ስላት እናቴ «እኔ ጋ ይጠራቀምላታል፣ ምን ታደርግበታለች» አለችኝ። እናንተየ፣ ስልኩን ይዤ መናገር አቃተኝ። እናቴ ክፉ ሰው አይደለችም። ለነዳይ ሳትሰጥ አታልፍም። ግሸን በየዓመቱ መስከረም 21 ትወጣለች፤ በእግሯ የወጣችበትም ጊዜ ነበር።

ነገርኳት። እኔ ላይ የሆነውን ያን ዕለት ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የነገርኳት። እሷም ምክንያት አላጣችም። «ወንድሞቿ መጥተው ይወስዱባታል» አለች። «ገንዘብ ካየች ትሄድብኛለች» አለች። «ሰው ምን ይላል፣ ሁሉም የሚያደርገው ነው» አለች። እኔም አልኳት፦ እማ፣ ትሂድ። ይውሰዱባት። የሷ ነው። ከምልክልሽ ላይ የሷን እኔ ለይቼ እልካለሁ፣ አንቺ በእጇ አስቆጥሪያት።

አሁን በየወሩ በእጇ ትቀበላለች። ባለፈው ለአባቷ የማዳበሪያ ላከችለት አሉ። እኔም የላክሁት ብር መጀመሪያ የገባው ማዳበሪያ ላይ ነበር።

ግሸን መውጣቱን ተዪ አላልኳትም። ለመጪው መስከረም ልጅቷንም ይዛት ትወጣለች።

---

የመናፈሻ እናት (ደሴ)
ሐምሌ 24፣ ከጠዋቱ 4:00

ልጄ፣ እመብርሃን ትጠብቅሽ። እንባዬን ነው ያመጣሽው።

እኔም ቤት ልጅ አለች። የመጣችው ከወገል ጤና በኩል ነው። ትምህርት እፈልጋለሁ ካለችኝ ቆይቷል። «ጭቃው ይድረቅ»፣ «የልጅ ልጆቼ ይግቡ» እያልን ከርመናል። መስከረም ሊመጣ ነው። መምህሩ እዚህ ካሉ ልጠይቅ፤ ማታ ለመማር ምን ያስፈልጋታል? አራተኛን ጨርሻለሁ ትላለች፣ ወረቀት ግን የላትም።

---

ሐይቅ ዳር (ሐይቅ)
ሐምሌ 24፣ ከጠዋቱ 4:35

እናቴ፣ መጀመሪያ ዕድሜዋን ይጠይቋት። ይህን ሁሉም ያንብበው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። የቤት ሠራተኞችን የሥራ ሁኔታ ግን ወደፊት በደንብ ይወሰናል ብሎ ለብቻ ትቶታል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ለእነዚህ ልጆች የሚቆምላቸው የቤቱ ሰው ብቻ ነው። ከ15 በታች ከሆነች ልጅ ናት፤ ከልጅ ልጆችዎ ጋር በቀን ትግባ። እርስዎ ዘንድ እንደ ልጅ ትደግ፣ ቤተሰቧም ይወቅ።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ የተማረችበት ትምህርት ቤት ስም ከታወቀ መሸኛ ማስመጣት ይቻላል። ጦርነቱ ላይ መዝገብ የጠፋባቸው ትምህርት ቤቶች አሉ። እንዲያ ከሆነ ትምህርት ቤቱ ፈትኖ የሚመጥናትን ክፍል እንዲመድባት ርእሰ መምህሩን ያነጋግሩ። ምዝገባ ሳያልቅ ቶሎ ነው መሄድ።

---

የጦሳ ልጅ (ደሴ)
ሐምሌ 24፣ ከቀኑ 7:20

እትየ፣ እኔ መናፈሻ አካባቢ ነው የምሠራው። እርስዎ በዝናቡ አይንገላቱ። ከፈቀዱ ነገ ከሰዓት በኋላ መጥቼ ከልጅቷ ጋር ትምህርት ቤቱ ድረስ አብረን እንሂድ።

ሌላ ሐሳብ አለኝ። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል፣ 16 ይፈታል። ሠራተኛ ያለችበት ቤት የሆነ ሁሉ እስከ 16 ድረስ ሁለት ነገር ያድርግ፦ የተያዘ ደመወዝ ካለ ይስጥ፣ ልጅቷም ቅዳሴ የምትሄድበት ቀን ይወሰንላት። ምግቡን አንድ ቀን እኛ እንሥራው። ማድረጋችሁን እዚህ መጻፍ አያስፈልግም፤ ማቴዎስ 6ን እናውቀዋለን። የሚቸግር ነገር ካለ ግን ጻፉ፣ አብረን እንፈልግለት። ኩርፊያ ላይ ያላችሁም ዲያቆኑን በውስጥ መስመር ልታናግሩ ትችላላችሁ፤ ፈቃዱን ጠይቄያለሁ።

---

ዝም አልልም
ሐምሌ 24፣ ከምሽቱ 2:40

ዲያቆን፣ መልስህን አስቤበታለሁ። በአስተማሪዎቹ ላይ ያለኝ ቅሬታ አልተለወጠም። የነዳዩ ነገር ግን ልክ ነህ። ሰንበቴው የሚወጣው አሁንም በየወሩ ነው? ድርሻው በእህል ነው ወይስ በብር ሆኗል?

---

ዲያቆን ዘወልድያ
ሐምሌ 24፣ ከምሽቱ 3:05

በየወሩ ነው፣ ከቅዳሴ በኋላ። በተራ ነው የሚወጣው፤ የተራህ ወር ዳቦና ጠላ፣ በጾም ከሆነ ደግሞ ንፍሮም ይበቃል። ብቻህን ከከበደህ ለሁለት ይዛችሁ አውጡ። የነሐሴው ተረኛ ታሟል፤ ሰው እየፈለጉ ነው።

---

ዝም አልልም
ሐምሌ 24፣ ከምሽቱ 3:12

የነሐሴውን እኔ ልያዘው። ስንት ሰው ይጠበቃል?

---

የመናፈሻ እናት (ደሴ)
ሐምሌ 24፣ ከምሽቱ 3:30

ልጄ የጦሳ ልጅ፣ ነገ ና። ዕድሜዋን ጠየቅኳት፣ አሥራ ሦስት ነኝ አለች። በቀን ነው የምትገባው። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ድረስ፣ ርእሰ መምህሩ ቀድሞ ይወጣል ይላሉ። ጉርድ ፎቶ ያስፈልጋል ከተባለ ጠዋት አስነሳታለሁ።